ከመስኮት የተማረ ዓይን

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት የዘጠነኛው ፎቅ ነዋሪዎች ሩቅ ማየት ለመማር ወደ ሰገነቱ ይወጣሉ።

ዛሬም እንደ ልማዳቸው በረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አድርገው ተደርድረዋል። ከራሳቸው በላይ የመስታወት ጣሪያ አለ። ከመስታወቱ ባሻገር የዝዋይ ሐይቅ በማለዳው ብርሃን ወተት መስሎ ተኝቷል። ዶክተር ሐረገወይን ከወንበሩ ኋላ ቀስ ብላ እየተራመደች፣ ሕፃን የምታስተኛ በሚመስል ድምፅ ትናገራለች።

«መጀመሪያ መዳፋችሁን እዩ። እሺ። አሁን የመከላከያውን ብረት። አሁን ደግሞ ከታች ያለውን ሾላ። አትቸኩሉ። ዓይናችሁን አትግፉት፤ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።»

አንዳንዱ ሲያዞረው የጎረቤቱን ክንድ ይይዛል። አንዲት ሴት ሐይቁ የሚወድቅባት ይመስል ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታለች። አንድ ጎልማሳ ምክንያቱን ሳያውቀው እንባው ይወርዳል፤ ሐረገወይን መሐረብ አቀብላው አለፈች። ሁሉም የተለመደ ነው።

የትንፋሽ ወረርሽኙ መጥቶ የሦስቱ ማማዎች በር ከተዘጋ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሰዉ ይህን ጊዜ «ዘመነ ዝግ» ይለዋል። ሁለቱ ማማዎች መኖሪያ ናቸው፤ ሦስተኛው ሆስፒታል ነው። በሽታው በአየር ስለሚጓዝ፣ ታሽጎ ወደ ሆስፒታሉ ከሚወሰድ ታማሚ በቀር ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር እንኳ አይፈቀድም። መስኮቶቹ በሙሉ በብረት ታሽገው፣ በምትካቸው በየቤቱ ግድግዳ ላይ «ምስል መስኮት» ተለጥፏል፤ ውጭ ያሉት ካሜራዎች የሚያዩትን ሐይቅና ሰማይ የሚያሳይ ስስ ሰሌዳ ነው። ውብ ነው። ነገር ግን ሩቅ የሚመስለው ተራራ ከአልጋው አጠገብ ያለ ሥዕል ስለሆነ፣ ዓይን ወደ ሩቅ መሄድን ረሳ። ልጆች ከኮሪደሩ ጫፍ የሚመጣውን አባታቸውን በድምፁ እንጂ በመልኩ መለየት አቃታቸው። ትልልቆቹን ራስ ምታት ያዛቸው። እንቅልፍ ሸሻቸው፤ ቀኑ ከሌሊቱ ተደበላለቀባቸው፤ ከአልጋ ለመነሣት ምክንያት ያጡም ነበሩ። ሐረገወይን በክሊኒኳ ውስጥ የብዙ ሰው ዓይን ስትለካ አንድ ነገር አስተውላለች። ከሁሉም ይበልጥ ዓይናቸው ያጠረው ብቻቸውን የሚኖሩት ነበሩ። ይህንን ለማንም አስረድታ አታውቅም፤ እሷም ምክንያቱን አታውቀውም።

ብሌኔ የተሠራው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ብሌኔ በዓይን ብሌን ላይ የሚቀመጥ፣ ከዓሣ ቅርፊት የሳሳ ሰው ሠራሽ ሌንስ ነው። አንደኛው ክፍሉ ያጠረውን ዓይን ወደ ሩቅ ያደርሰዋል። ሁለተኛው ክፍል፣ «አስተዋዩ» የሚባለው፣ ብዥ ያለውን አጥርቶ፣ የጎደለውን በግምት ሞልቶ ያቀርባል። ሁሉም ሰው ብሌኔ ከተገጠመለት በኋላ በዚህ ሰገነት ላይ ይለማመዳል። በማማው ውስጥ እውነተኛ መስታወት ያለው እዚህ ብቻ ነው።

ለምን እንደሚለማመዱ የሚጠይቅ ግን እየቀነሰ መጥቷል። በሩ ሲከፈት ዓይናቸው ዝግጁ እንዲሆን ነው ይባላል። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ውጭ፣ አየሩን እየሳበ በሕይወት ያለ ሰው እስኪታይ ድረስ በሩ አይከፈትም። አየር የሚለኩት መሣሪያዎች ገና በሁለተኛው ዓመት ተበላሽተዋል፤ ወጥቶ የሚጠግናቸው የለም። ቃኚዎች በየቀኑ በካሜራ ዳርቻውንና ደሴቱን ይቃኛሉ። እስከዛሬ ከወፍና ከጉማሬ በቀር ያዩት ነገር የለም።

«ዶክተር፣» አሉ ከወንበሩ ጫፍ የተቀመጡት አቶ ወርዶፋ፣ ዓይናቸውን ከሐይቁ ሳይነቅሉ። «ደሴቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ዛሬም ወጥታለች።»

አቶ ወርዶፋ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው፤ ብሌኔ ከተገጠመላቸው ገና ሁለት ሳምንታቸው ነው። ከዘመነ ዝግ በፊት በዚሁ ሐይቅ ላይ ጀልባ ይነዱ ነበር፤ ጉማሬና ወፍ ለማየት የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ አመላልሰዋል። በግራ ዓይናቸው ላይ የዓሣ መንጠቆ በወጣትነታቸው የተወላቸው ጠባሳ አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አረጋሽ ባለፈው ሚያዝያ ወደ ሆስፒታሉ ማማ ተወስደው በዚያው ቀርተዋል። የተሰናበቷቸው በምስል መስኮቱ ነው።

ሐረገወይን ከአጠገባቸው ተቀመጠች። «የቷ ሴትዮ፣ ጋሽ ወርዶፋ?»

«ያቺ ከድንጋዩ ላይ የቆመችው። ቢጫ ጨርቅ ታውለበልባለች። ባለፈው ሳምንትም ነበረች። እኔ ሁላችሁም የምታዩዋት መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ሐረገወይን አየች። ደሴቱ ጥርት ብሎ ይታያታል፤ ግራጫው ድንጋይ፣ ከጀርባው ሣሩ፣ ከሥሩ ደንገሉ። ድንጋዩ ላይ ማንም የለም።

«ቀኝ ዓይንዎን ይሸፍኑልኝ።»

ሸፈኑ። «አለች፣» አሉ።

«አሁን ደግሞ ግራውን።»

እጃቸውን ቀየሩ። ፊታቸው ቀስ ብሎ ተለወጠ። ከዚያ እንደገና ቀኙን ሸፈኑ፤ እንደገና ግራውን።

«በግራው አለች፣» አሉ በመጨረሻ። «በቀኙ የለችም። ሣር ብቻ ነው።»

ሐረገወይን ጉዳዩን ለኢንጂነር ብሥራት ነገረችው። ብሥራት ብሌኔዎቹን የሚከታተል፣ ረጋ ያለ፣ ሲያስብ ጺሙን የሚያሻሽ ሰው ነው። ነገሩን ሰምቶ እንደጨረሰ ፊቱ ጠቆረ።

«የሌለ ነገር የሚያሳይ ብሌኔ በዚያው ቀን መውጣት አለበት። ታውቂያለሽ። ከአንድ በላይ ከተገኘ ደግሞ ሁሉንም እናወጣለን። ያን ጊዜ ይሄ ሁሉ ሰው ተመልሶ ወደ ክፍሉ ነው የሚገባው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰውየው ሚስታቸውን ካጡ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፣ ሐረግ። አስተዋዩ የጎደለውን በግምት ይሞላል። ያጡት ነገር ምን እንደሆነ አስቢው።»

እሷም ይህንኑ አስባ ነበር። ከሰዓት በኋላ አቶ ወርዶፋን ወደ ክሊኒኳ ጠርታ፣ አገጫቸውን መመርመሪያው ላይ አስደግፋ፣ በዝግታ ጠየቀቻቸው።

«ያቺ ሴት እትዬ አረጋሽን ትመስልዎታለች?»

አቶ ወርዶፋ አገጫቸውን ከመመርመሪያው አነሡ። አልተቆጡም። ሊያስረዷት የፈለጉ ይመስላሉ።

«አረጋሽ አጭር ነበረች። ይህቺ ረጅም ናት፤ ስትራመድም ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች። ልጄ፣ እኔ ሚስቴን ለማየት ብፈልግ ሚስቴን ነበር የማየው። የማላውቃትን ሴት ምን ልሁን ብዬ አመጣለሁ?»

ሐረገወይን ብርሃኑን ወደ ግራ ዓይናቸው አዞረች። ጠባሳው ብሌኔውን ከጎኑ ትንሽ አንሥቶታል። ብሥራት ከጎኗ ቆሞ በሰሌዳው ላይ የሚመጣውን እያነበበ ነበር።

«ይኸው፣» አለ። «ግራው ብልሽት አለበት። በጠባሳው ምክንያት አስተዋዩ አልያዘም። ከተገጠመ ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም። የሚሠራው ሩቅ የሚያደርሰው ክፍል ብቻ ነው። አሁኑኑ እንቀይረው።»

ሐረገወይን መሣሪያውን ለማንሣት እጇን ዘረጋችና መሐል ላይ አቆመችው።

«ብሥራት፣ የሚገምተው አስተዋዩ ነው አላልክም?»

«አዎ።»

«በግራ ዓይናቸው ደግሞ አስተዋዩ የለም። ታዲያ ሴትዮዋን ማን ገመታት?»

ብሥራት ጺሙን ያዘ። አላሻሸውም፤ እንደያዘው ቆመ።

ሐረገወይን ግድግዳው ላይ ወዳለው የፊት መስታወት ዞራ የራሷን ብሌኔዎች አወጣች። ክፍሉ ወዲያው ቀለጠ። የብሥራት ፊት የጠየመ ክብ ሆነ፤ የበሩ ጠርዝ ከግድግዳው ጋር ተዋሐደ። ይህንን ብዥታ ከረሳችው ቆይታለች። አቶ ወርዶፋ ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ወደ ቤታቸው ሄደው አንድ ጥቁር ነገር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተመለሱ፤ ድሮ እንግዶቻቸውን ወፍ ያሳዩበት የነበረው አቅራቢ መነጽር ነው። አስተዋይ የለውም። ሁለት ቱቦና መስታወት ብቻ ነው።

ሰገነቱ ላይ አቶ ወርዶፋ ትከሻዋን ይዘው ወደ ደሴቱ አዞሯት። የመነጽሩን መዘውር በአውራ ጣቷ ስታሽከረክር፣ ብርሃኑ ለጊዜው እንደ ውሃ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተሰበሰበ። ድንጋዩ መጣ። ሣሩ መጣ።

ሴትዮዋ ጨርቁን አጥፋ ከጎኗ አስቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። አንድ ሰው መረብ ተሸክሞ ከኋላዋ አለፈ። የሆነ ነገር ነገራት፤ እሷም ሳትዞር መለሰችለት። ከታች ታንኳዎች ተደርድረዋል፤ ከዛፎቹ መሐል ደግሞ ጭስ ይወጣል። ማንም አፉን አልሸፈነም።

ሐረገወይን መነጽሩን ሳታወርድ ብዙ ቆየች። ደስታ ሊሰማት ይገባ ነበር። የተሰማት ግን ሕልም እያየ መሆኑን እንደሚያውቅ ሰው፣ እንዳትነቃ መፍራት ነው።

«አየሻት?» አሉ አቶ ወርዶፋ።

«አየኋት። ሌሎችም አሉ።»

አዛውንቱ ቀና ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። ከጠዋት ጀምሮ ብቻቸውን የተሸከሙት ጥርጣሬ ነበር፤ ለማንም አልተናገሩትም እንጂ እሳቸውም አበድኩ ይሆን ብለው ፈርተው ነበር።

ብሥራትም በተራው ብሌኔውን አውጥቶ አየ። መነጽሩን ለሐረገወይን መልሶ ሰጣትና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የተናገረው ለራሱ ይመስል ነበር።

«አስተዋዩ ማየት የተማረው ከምስል መስኮቶቹ ነው። ሌላ ምን ነበረን? ሩቅ የሚያሳይ የስድስት ዓመት ምስል የተከማቸው እዚያ ብቻ ነበር። ዛፍ ይህን ይመስላል፣ ወፍ ይህን ይመስላል እያለ ከዚያ ነው የተማረው። በዚያ ሁሉ ምስል ውስጥ ግን ሩቅ ላይ ሰው የለም።»

«ለምን አይኖርም? ካሜራዎቹ ወደ ደሴቱ አይደለም እንዴ የሚያዩት?»

«ማስታገሻ ነበረበት፣» አለ።

ከዚያ ነገራቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሰዎች ከምስል መስኮቱ ፊት አልነሣም ብለው ነበር። ውጭ የቀሩትን ሲያዩ ይውላሉ፤ ሲታመሙ፣ ሲወድቁ፣ ወደ ማማው ቀና ብለው ሲያዩ። መብላት ያቆሙ ነበሩ። በሩን በጥፍሩ የቧጨረ ሰው ነበር። የአእምሮ ሐኪሞቹ ተጨንቀው መላ ሲፈልጉ፣ ከሥዕሉ ውስጥ ሰውን እያጠፋ ቦታውን በሣርና በውሃ የሚሞላ ሥርዓት ተሠራ። ስሙን ማስታገሻ አሉት፤ ሕመም እንደሚያስታግሰው ክኒን። ሰዉ እስኪረጋጋ ድረስ ተብሎ ነው። ሰዉም ተረጋጋ። ዓመታት ሲያልፉ የሠሩት ሰዎች አንድም ሞቱ፣ አንድም ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ፤ ይነሣልን ያለ ነዋሪም አልነበረም። የቃኚዎቹ ካሜራ የተያያዘውም ከዚያው ጋር ነው።

«እኔ እንዳለ እንኳ ረስቼው ነበር፣» አለ ብሥራት። «ብሌኔውን ደግሞ ሩቅ ሰው አጥፋ ብሎ ያዘዘው የለም። ሰው ሩቅ ላይ አይኖርም ብሎ ነው የተማረው። ሰው ሲያይ ስህተት መስሎት ያርመዋል።»

የማማው ሸንጎ በማግስቱ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ብሌኔያቸውን አውጥተው በመነጽሩ አዩ። ካዩም በኋላ ግን መፍራታቸው አልቀረም። በሽታው ደሴቱ ላይ ባይኖርም ዳርቻው ላይ ቢኖርስ? በሩ ከመከፈቱ በፊት ሄዶ የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል ተባለ፤ የሚሄደው ሰው ሐኪሞች እስኪፈቅዱ ድረስ አይመለስም።

«ምድር ቤት ያለውን የነፍስ አድን ጀልባ የሚነዳ ሌላ ሰው አላችሁ?» ብለው ጠየቁ አቶ ወርዶፋ። ሌላ ሰው አልነበረም። ሐረገወይን አብራቸው እንደምትሄድ ስትናገር ብሥራት ተቃወመ፤ ዓይኗ ያለ ብሌኔ ከእጇ ጫፍ አልፎ አያይም። እሷ ግን ብሌኔውን መልሳ ልታደርገው አልፈለገችም። ያጠፋው ሌላ ምን እንደሆነ ባላወቀችበት ሁኔታ እንዴት ታምነዋለች?

በሩ ሲከፈት ድምፅ አልነበረውም። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነበር፤ የረጠበ ጭቃ፣ የዓሣ፣ የበሰበሰ ደንገል። በአፍ መሸፈኛው ውስጥ እንኳ አልፎ መጣ። ሐረገወይን ከደረጃው ላይ ቆማ ነፋሱ ፊቷን ሲነካት ዓይኗን ጨፈነች። ስድስት ዓመት ሙሉ ነፋስ ይህን ያህል ለስላሳ መሆኑን ረስታ ነበር።

የነፍስ አድኑ ጀልባ ከምድር ቤቱ ወጥቶ ውሃ ላይ ተቀመጠ። አቶ ወርዶፋ ቀኝ ዓይናቸውን በፋሻ ሸፍነው በግራው እያዩ ነዱ። ለሐረገወይን ግን ዓለም ሁሉ ቀለም ብቻ ነበር። ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ሰማያዊ፣ በመሐሉ የሚያብለጨልጭ ነጭ። አንዳንዴ ነጩ ይነሣና ክንፍ ይሆናል፤ የክንፉን ድምፅ ትሰማለች እንጂ ወፉን አታየውም። ጀልባው የሚሄድ አይመስላትም። ሐይቁ በእነሱ ሥር ቀስ ብሎ የሚያልፍ፣ እነሱ ግን በብርሃን መሐል የተንሳፈፉ ይመስላታል።

«እየመጣን ነው፣» ይላሉ አቶ ወርዶፋ በየጊዜው። «ቆማለች። አሁን አየችን። ጨርቁን ጣለችው።» ቆይተው ደግሞ፣ «ሰው እየጠራች ነው።»

ወደ ዳርቻው ሲጠጉ አቶ ወርዶፋ ሞተሩን አጠፉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አካም ቡልተኒ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ አሉ። ከወዲያ የሴት ድምፅ ሰላምታውን መለሰ። አቶ ወርዶፋ ከእሷ ጋር ጥቂት ተነጋገሩ። ሴትዮዋ ሐረገወይን ቋንቋው እንደማይገባት ስታውቅ ወደ አማርኛ ዞረች።

ስሟ በዳቱ ነው። ተጠግታ በቆመች ጊዜ ሐረገወይን ፊቷን አየችው፤ በፀሐይ የተጠበሰ፣ ሰፊ፣ ጎልማሳ ፊት። የአንድ እግሯን ቁርጭምጭሚት ድሮ ጉማሬ ሰብሮት ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች። የደሴቱ ሰዎች ወረርሽኙ ሲመጣ ታንኳዎቻቸውን ወደ ዳር አንወስድም ብለው ተማምለው እንደተረፉ ነገረቻቸው። ኋላ ዓሣው አልበቃ ሲላቸው ፈርተው ወደ ዳርቻው ተሻገሩ። ማንም አልታመመም። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሄዱ፤ እዚያም በሕይወት የተረፉ ሰዎች አገኙ። በሽታው ሄዷል።

«እስከ ማማችሁም መጥተን በሩን ደበደብን፣» አለች። «ብረቱ ድምፅ አያስገባም መሰለኝ። ስለዚህ ከድንጋዩ ላይ ሆኜ ምልክት መስጠት ጀመርኩ። ለምንድነው ያልመለሳችሁልን?»

አቶ ወርዶፋ የአፍ መሸፈኛቸውን አውልቀው ያዙት። «አላየንሽም፣» አሉ።

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። መቼ ነው የጀመርሽው?»

«ካቻምና። መስከረም ሲጠባ።»

አቶ ወርዶፋ ወርና ዓመቱን እንደገና አልጠየቁም። ዞር ብለው ወደ ውሃው ሄዱና ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ታጠቡ። ታጥበው ሳይጨርሱ እንደገና ታጠቡ። ሐረገወይን ጀርባቸውን እንደ ጥላ አየችው፤ ለምን እንደማይዞሩ ገባት። ካቻምና መስከረም ወይዘሮ አረጋሽ ገና በሕይወት ነበሩ።

ሲመለሱ እንዲህ ብቻ አሉ፤ «ያኔ ደኅና ነበረች። ሳሉ እንኳ አልጀመራትም።»

በዳቱ ስለ ማን እንደሚያወሩ አልጠየቀችም። ከትከሻዋ ጋቢ አውርዳ አለበሰቻቸው።

ሦስቱም ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ሐረገወይን ማማዎቹ ወዳሉበት አቅጣጫ ዞረች፤ ለእሷ አንድ ግራጫ ጭጋግ ነው።

«ከዚህ ሲታይ ምን ይመስላል?» ብላ በዳቱን ጠየቀቻት።

«ብረት ነው። መብራት የለው፣ ድምፅ የለው። መቃብር ይመስላል።»

«ታዲያ ሰው እንዳለበት በምን አወቁ?»

«አላወቅሁም።»

«ካላወቁ ለማን ነበር ይህን ሁሉ ጊዜ የሚያውለበልቡት?»

በዳቱ ጥያቄው ያስቸገራት መሰለች። ከዚህ በፊት የጠየቃት ያለ አይመስልም። «ወንድሜም ተይው ሞተዋል ይለኝ ነበር፣» አለች። «እኔ ግን ካሉስ ብዬ ነው። ካሉና ባንጠራቸውስ?»

ሐረገወይን ይህን ሰምታ ስለ ብሌኔው አሰበች። ብሌኔውና ይህቺ ሴት ያዩት አንድ ዓይነት ነገር ነው። ለሁለቱም ከወዲያ ማዶ ለዓመታት መልስ አልመጣም። ብሌኔው ሰው የለም ብሎ ተማረ። ሴትዮዋም ከዚያው ዝምታ ላይ ተነሥታ በየማለዳው ድንጋዩ ላይ ወጣች። በየትኛው ስሌት እንደሆነ ሐረገወይን ልትደርስበት አልቻለችም፤ ብሥራትም ቢሆን የሚያውቀው አይመስላትም።

ሐኪሞቹ ሲፈቅዱ በሮቹ ተከፈቱ። ነገሩ ሰው እንደጠበቀው ደስታ ብቻ አልነበረም። ብዙዎች ደጁ ላይ ደርሰው ተመለሱ። ሰማዩ የከበዳቸው ነበሩ፤ ለሁለትና ለሦስት ቀን ከክፍላቸው ያልወጡም ነበሩ። ማስታገሻው ከምስል መስኮቶቹ ላይ በተነሣ ዕለት አንዲት ሴት ክሊኒኩ ድረስ መጥታ ይመለስልኝ ብላ ለመነች፤ ዳርቻው ላይ የሚመላለሰውን ሰው ባየች ቁጥር ውጭ የቀረችው እህቷ ትዝ ትላታለች። ሐረገወይን ማስታገሻውን አልመለሰችላትም፤ ግን ከሥራ ሰዓት በኋላ አብራት ወርዳ ዳርቻው ላይ ተቀመጠች፤ በማግስቱም እንዲሁ።

አቶ ወርዶፋ በሩ በተከፈተ ቀን ያደረጉት ግቢውን መሻገር ነበር። የሆስፒታሉ ማማ ያን ያህል ቅርብ መሆኑን ሲያዩ ተገረሙ። አንዲት ነርስ ወይዘሮ አረጋሽ የተኙበትን አልጋ አሳየቻቸው፤ አንሶላው ተቀይሯል፤ ሌላ ታማሚም ተኝቶበታል። ታማሚውን እግዜር ይማርህ ብለው ጥቂት አጫወቱትና ወጡ። ቀኑን ሙሉ ጀልባቸው ላይ ዋሉ። ግራ ዓይናቸውን ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም።

ብሥራት የሁሉንም ሰው አስተዋይ አጠፋው። ያለ እሱ ግን የሰዎቹ ዕይታ ደካማ ነው፤ ሲመሽና ሲጨግግ ይደናቀፋሉ። አስተዋዩን እንደ አዲስ ማስተማር ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ አዲስ ምስል ሊኖር ይገባል። ምስሉን ከማማው ሰው ዓይን ሊወስድ አልፈለገም፤ ያም ዓይን የተማረው ከምስል መስኮቱ ነው። አንድ ቀን ወደ ክሊኒኩ መጥቶ ሐረገወይንን አማከራት፤ የማንን ዓይን እንደሚፈልግ ከመናገሩ በፊት አወቀችው።

በዳቱ ስትጠየቅ ሳቀች። ዓይኗ ደኅና ነው፤ ምንም አይገጠምላትም። ቀለል ያለ የመነጽር ክፈፍ ፊቷ ላይ ይደረጋል፣ የምታየውን እየተከተለ ይቀርፃል፣ በቃ። ማክሰኞ ጠዋት ታንኳዋን ዳር አስራ ወደ ሰገነቱ ወጣች። የዘጠነኛው ፎቅ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ነበር፤ አሁን የመስታወቱ ጣሪያ ተከፍቷል። ብሥራት ክፈፉን አደረገላት። ሐረገወይን ክንዷን ይዛ በሰፊው ሐይቅ ፊት አቆመቻት።

«አሁን የፈለጉትን ይመልከቱ፣» አለቻት። «ምንም ልዩ ነገር ማድረግ አያስፈልግም።»

በዳቱ ሐይቁን አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችው። በረጅሙ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ከዳር ጀምራ፣ አንድ በአንድ፣ ፊታቸውን ማየት ጀመረች።